ጨፌ በአማርኛ

«ጨፌ ነው በያቸው» አሉ ኦቦ አራርሳ፣ ጉድጓዱ አፋፍ ላይ በትራቸውን ተደግፈው። «ክረምት ሲገባ ጨፌ ነው። ሌላ ምን ይባላል?»

ሽማግሌው ይህን ያሉት በኦሮምኛ ነው። እንዲነገራቸው የፈለጉት ሁለት የመንግሥት ሰዎች ደግሞ ኦሮምኛ አይሰሙም። አንደኛው፣ አቶ ወንድይራድ፣ ከአዲስ አበባ የመጣ የመሬት አጥኚ ነው፤ ሱሪውን እስከ ጉልበቱ ሰብስቦ አፈሩን ለማየት የተቆፈረው ጉድጓድ ውስጥ ገብቷል። ሁለተኛው፣ አቶ ምንዳዬ፣ ከመቱ አብሮት የተላከ የጽሕፈት ቤት ሰው ነው። ከደብረ ብርሃን ተዛውሮ ከመጣ ገና ዓመት አልሞላውም፤ ቀኑንም የዋለው ጫማውን ከአቧራ ሲጠብቅ ነው። ሁለቱም ዞር ብለው ዲሪቤን አዩ።

ዲሪቤ ያደታ የስምንተኛ ክፍል ተማሪ ናት። አዘቦቱን መቱ አክስቷ ቤት ተቀምጣ ትማራለች፤ ቅዳሜና እሁድ ወደ ኖፓ በሚወስደው መንገድ ዳር ወዳለው ወደ አባቷ ቤት ትመጣለች። በሰፈሩ ውስጥ አማርኛን እንደ እሷ አጣርቶ የሚናገር የለም። አስተማሪዎቿ ይመሰክሩላታል፤ እሷም፣ አንደብቀው፣ ይህን ጠንቅቃ ታውቃለች። እንግዶቹ ሲመጡ አስተርጓሚ ማን ይሁን ብሎ የተከራከረ አልነበረም።

«እ? ምን አሉ?» አለ ወንድይራድ። ክረምት ላይ ይሄ መሬት ምን ይሆናል ብሎ ያስጠየቀው እሱ ነው።

«ጨፌ ነው ይላሉ።»

«ጨፌ?» ወንድይራድ ቀና አለ። «ይሄ ለበዓል ቤት የምንጎዘጉዘው? ሣር ይበዛበታል ማለታቸው ነው?»

አዲስ አበባ ጨፌ ማለት እሱ ነው፤ ሣር። ኢሉባቦር ውስጥ ግን ጨፌ ሣሩ ብቻ ሳይሆን ሣሩ የሚበቅልበት ቦታ ጭምር ነው። ክረምቱን ሙሉ ውሃ የሚተኛበት፣ ላም ከገባችበት በገመድ ተጎትታ የምትወጣበት ቦታ። ያን ዓመት በጋው ረዝሞ ነበር፤ ሣሩም ለቤት ክዳን ታጭዶ አልቋል። ስለዚህ የካቲት ላይ ለመጣ እንግዳ፣ ኳስ ይዞ መግባት የሚያስመኝ ደረቅ ሜዳ ነው። በሰፈሩ ውስጥ ይህን የማያውቅ ሕፃን እንኳ የለም። ዲሪቤ ደግሞ ሕፃን አይደለችም።

አፏን ከፈተች። ቃሉ ምላሷ ላይ ነበር። ግን ዓይኗ ሜዳውን ተሻግሮ ማዶ ያለው ጋራ ላይ አረፈ። አናቱ ላይ የአባቷ ቡና በተርታ ቆሟል።

«አዎ» አለች። «ሣር ይበዛበታል።»

ወንድይራድ ጥቁሩን አፈር በጣቶቹ እያድቦለቦለ ራሱን ነቀነቀ። «ጥሩ ነው። አፈሩ ድፍን ነው፤ ውሃ በቀላሉ አያሳልፍም» አለ። ከዚያ እጁን ለአቶ ምንዳዬ ዘረጋና ከጉድጓዱ ወጣ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ጎሬ፣ አንድ መጋዘን ውስጥ፣ በሲሚንቶ የተደፈኑ በርሜሎች ተቀምጠዋል። በውስጣቸው ያለው አንድ ሐኪም ቤት ለካንሰር ሕክምና የተገለገለበት መርፌና የአሮጌ መሣሪያ ስብርባሪ ነው። ለሚያየው ሰው ከተራ ውዳቂ ብረት አይለይም፤ ግን ጨረር አለው። ጨረሩ አይታይም፣ አይሸትም፣ አያቃጥልም፤ አጠገቡ የኖረን ሰው ግን ቀስ እያለ ከውስጥ ይጎዳዋል። የመጋዘኑ ጣሪያ ማፍሰስ ሲጀምር፣ በርሜሎቹ እምብዛም በማይጠልቅ ጉድጓድ ተቀብረው፣ አፈር ለብሰው፣ ታጥረው የሚተዉበት ቦታ ይፈለግ ተባለ። ውሃ የሌለበት፣ ጎርፍ የማይደርስበት፣ ወደፊትም ማንም የማይቆፍረው ቦታ። ወንድይራድም ላንድሮቨሩን ይዞ ከጎሬ መቱ፣ ከመቱ ኖፓ ሲዞር ከረመ። ኢሉባቦር ውስጥ ውሃ የሌለበት ቦታ ፍለጋ! ምን ዓይነት ዕዳ ነው የጣሉበት እስኪባል ድረስ፣ በየሄደበት ወይ ምንጭ ነው ወይ ወንዝ።

ዲሪቤን ከሁሉ ያስቸገራት ጨረርን በኦሮምኛ ማስረዳት ነበር። ቃል ብታጣ «እሳት የሌለው ትኩሳት» ብላ ሞከረች፤ ሴቶቹ ሳቁባት። ግማሹ ሰፈር አሁንም ቢሆን የመንግሥት ሰዎቹ ጣልያን ሲሸሽ የቀበረውን ወርቅ ነው የሚፈልጉት ይላል።

ከብዙ ዙረት በኋላ ሁለት ቦታ ቀረ። አንደኛው ይሄ ሜዳ ነው፤ መኪና እስከ አፋፉ ይገባል፣ የሰውም ሰብል የለበትም። ሁለተኛው ጋራው ነው፤ አፈሩ ቀይ ሸክላ ሆኖ ለዚህ ሥራ የተመቸ ነው፣ ግን መንገድ መቁረጥ ይጠይቃል፣ ቡናም አለበት። ወንድይራድ ጠዋት በግልጽ ተናግሯል፦ ሜዳው ከሆነ ሜዳው፣ ካልሆነ ጋራው። የተያዘው መሬት ከዚያ ወዲያ አይታረስም፣ አይቆፈርም፣ ፍሬ አይለቀምበትም።

ያንን ጋራ አባቷ ያደታ በገዛ እጁ ነው የመነጠረው። ቡናው በሚቀጥለው ዓመት የመጀመሪያ ፍሬውን ይሰጣል። «ለቀማ ሲደርስ ጎሬ ትገቢያለሽ» ብሏታል ለዲሪቤ፤ ዘጠነኛ ክፍል ያለው ጎሬ ነው፣ የሚያስተምራትም ያ ቡና ነው። ቡናው ከሌለ ሚኒስትሪን ብታልፍም ባታልፍም ያው ነው። አጎቶቿ ከወዲሁ የባል ወሬ ማንሳት ጀምረዋል፤ እንደ ቀልድ እያደረጉ፣ ግን በመጡ ቁጥር።

ወደ ቤት ሲመለሱ መንገዱ ጠባብ ስለሆነ አንድ በአንድ ተከታትለው ሄዱ። ኦቦ አራርሳ ከኋላ ቀስ እያሉ ደረሱባት። የጓደኛዋ የተጂቱ አያት ናቸው፤ ቤታቸው ከጨፌው ግርጌ፣ ምንጩ አጠገብ ነው።

«ኢንታላ ኮ» አሏት፤ ልጄ ማለታቸው ነው። «ያልኩትን ነገርሽልኝ?»

«ነግሬያቸዋለሁ፣ ኦቦ።»

«ጨፌ መሆኑን?»

«ጨፌ ብያቸዋለሁ።»

«እሰይ። እንግዲያ እዚያ አይቀብሩም።» ሽማግሌው በረዥሙ ተነፈሱ። «እኔማ ሰሞኑን እንቅልፍ አልነበረኝም። አንቺ ባትኖሪ ማን ይናገርልን ነበር? ነይ እስቲ።» እጃቸውን ራሷ ላይ ጭነው «እደጊ፣ ትልቅ ሰው ሁኚ» ብለው መረቋት።

ዲሪቤ አንገቷን ደፍታ ምርቃቱን ተቀበለች። ብዙ ጊዜ ተመርቃለች፤ ምርቃት ከብዷት ግን አያውቅም። መሬት ተከፍታ ብትውጣት በወደደች።

አባቷ ከፊት ከፊት ይሄድ ነበር። ያደታ አማርኛ አይናገርም ማለት ይቻላል፤ ግን መቱ ገበያ ቡና ሲሸጥ የኖረ ሰው ስለሆነ ጆሮው ይሰማል። ጉድጓዱ ጋ ቆሞ ስለነበር ሁሉንም ሰምቷል። አጥሩ ጋ ሲደርሱ ዲሪቤ እርምጃዋን አፍጥና አጠገቡ ሆነች።

«አባ፣ ሰምተኸኛል አይደል?»

«ሰምቻለሁ።»

«ታዲያ?»

ያደታ በሩን ይዞ ቆመ። ፊቷን አላየም። «አንቺ ጨፌ አልሽ። ጨፌ ነው። ውሸት የት አለው?»

«እንግዶቹ ግን ሣር መስሏቸዋል።»

«ሣርም አለበት» አለና ገባ።

እንግዶቹ እነሱ ቤት ነው ያረፉት። እናቷ በየነች የተቀቀለ አንጮቴ በቅቤ አሽታ አቀረበች፤ አቶ ምንዳዬ ስሩን መጀመሪያ በጥርጣሬ እያገላበጠ አየው፣ ከዚያ ግን ከሁሉም በላይ የበላው እሱ ነው። ፀሐይ ገና አልጠለቀችም። ያደታ ለዲሪቤ የራሱን ድርሻ ከፊቱ እያነሳ ሰጣት፣ አሁንም ሰጣት። ሌላ ቀን ቢሆን ደስ ይላት ነበር።

ወንድይራድ የሚጠይቀው ሰው ሲያገኝ ደስ የሚለው ሰው ነው። ሲያስረዳ እጆቹ አያርፉም። ዲሪቤ ስታስብ ቆይታ፣ እንደ ትምህርት ጥያቄ አስመስላ «ጋሼ ወንድይራድ፣ በርሜሎቹን ውሃ ቢያገኛቸውስ?» አለችው።

«እሱ ነዋ ዋናው ጣጣ! ቆርቆሮው ይዝጋል፤ ሲሚንቶውም ውሎ አድሮ ይሰነጠቃል። ከዚያ ውሃው ጨረር ያለውን ነገር ትንሽ ትንሽ እየሸራረፈ ይዞት ይወርዳል። ወደ ምንጭ፣ ወደ ወንዝ። የት እንደሚደርስ ማን ያውቃል?»

«የጠጣው ሰው ይሞታል?»

«ወዲያው ቢያሳምምማ ሰው ይጠነቀቅ ነበር። ይሄ እንደዚያ አይደለም።» ወንድይራድ የአንጮቴውን ሳህን ወደ ጎን ገፋ አደረገ። «ከብዙ ዓመት በኋላ ነው። አንዱ አጥንቱን ያመዋል፣ አንዷ ልጇ ይታመምባታል። ሰው ምን ይላል? ቡዳ ይላል፣ ዕጣ ፈንታ ይላል። ከውሃው ጋር የሚያያይዘው የለም። ለዚህ ነው ቦታ ስመርጥ አሥር ጊዜ የምጠይቀው። አሠልቺ ሰው ነኝ፣ አይደል?»

«ኧረ አይደሉም» አለች።

«ነኝ እንጂ። አቶ ምንዳዬን ጠይቂው።»

አቶ ምንዳዬ አፉ ሙሉ ስለነበረ ራሱን ብቻ ነቀነቀ። እናቷ ምን እንደተባለ ሳይገባት ሳቀች። ያደታ ግን አልሳቀም። ምን ያህሉን እንደሰማ ዲሪቤ አላወቀችም፤ ልትጠይቀውም አልደፈረችም።

ነገ ከሰዓት በኋላ፣ አለ ወንድይራድ፣ ሜዳውን ለክቶ፣ ድንበሩን ምልክት አድርጎ ወደ ጎሬ ይመለሳል። ወደ አዲስ አበባም ሥራው አለቀ ብሎ ይጽፋል።

እሁድ ጠዋት ዲሪቤ እንስራዋን ይዛ ወደ ምንጩ ወረደች። ተጂቱ ቀድማት ደርሳ፣ ታናሽ ወንድሟን አጥባ ድንጋይ ላይ አስቀምጣዋለች። ሕፃኑ በእፍኙ ውሃ እየጨለፈ ይጠጣል፤ አብዛኛው ደረቱ ላይ ይፈሳል።

«አስተርጓሚዋ መጣች፣ ተነሱላት» አለች ተጂቱ። «ከሹማምንት ጋር ስትበዪ አድረሽ ለኛ ሰላምታ ትሰጪያለሽ?»

«አንጮቴ ነው የበላነው።»

«አንጮቴም ቢሆን ከሹም ጋር ሲበላ ይጣፍጣል ይባላል።» ተጂቱ ስቃ እንስራውን እንድትሞላ ቦታ ለቀቀችላት። በዚያ ጨፌ ግርጌ ያለው ምንጭ በጋም ክረምትም አይነጥፍም። ጨፌው ክረምት የጠጣውን ውሃ በጋውን ሙሉ በዚያ በኩል ይመልሰዋል፤ የሰፈሩ እኩሌታ ከዚህ ነው የሚቀዳው።

«አያቴ ትናንት እንዴት እንዳደሩ ብታይ» አለች ተጂቱ። «ሰሞኑን እኮ እየተነሱ ደጅ ነበር የሚቀመጡት። እነዚያ ሰዎች ምንጫችንን ያበላሹታል እያሉ። ትናንት ግን እራት በልተው፣ ቀልድ ሁላ ቀልደው ተኙ። ‹ዲሪቤ ነግራልናለች› ነው ወሬያቸው ሁሉ። እኔማ ቀናሁ። አንቺን የልጅ ልጅ ቢያደርጉሽ ይሻላቸዋል መሰለኝ።»

ዲሪቤ እንስራው ሞልቶ መፍሰስ ጀምሮ እንኳ አላነሳችውም።

«ፈሰሰ እኮ» አለቻት ተጂቱ። «ምን ሆነሻል?»

«ተጂቱ፣ ጨፌን በአማርኛ ምን ትይዋለሽ?»

«ጨፌ ነዋ።»

«ቃሉ ላልገባው ሰው። ከአዲስ አበባ ለመጣ።»

ተጂቱ ትምህርቷን በአራተኛ ክፍል አቋርጣለች፤ አማርኛዋ የገበያ አማርኛ ነው፣ ወንዱን ሴት ሴቱን ወንድ ታደርጋለች። ግንባሯን ቋጥራ አሰበች። «እኔ እንጃ። ‹ላም የምትሰምጥበት› በያቸዋ። ላም ምን እንደሆነ ያውቁ የለ?» አለችና በራሷ ቀልድ ሳቀች።

ዲሪቤም ልትስቅ ሞከረች፤ ከአንገት በላይ ሆነባት። እስካሁን ራሷን ስታባብል ያደረችው ‹ቃሉ አስቸጋሪ ነው፣ ለመተርጎም አይመችም› እያለች ነበር። አሁን ያም ምክንያት ከእጇ ወጣ። ሕፃኑ ጠጥቶ ጠግቦ ውሃውን በመዳፉ ይመታል። ዲሪቤ ጎሬን አሰበች፤ የትምህርት ቤቱን ደንብ ልብስ፣ ኮረብታውን የምትወጣበትን ጠዋት። ይሄንን ሁሉ በልቧ ስንት ጊዜ ኖራዋለች። ማልቀስ አማራት፤ ግን ተጂቱ ፊት ማልቀስ አልፈለገችም።

«እቀድምሻለሁ፣ እቤት ይጠብቁኛል» አለች።

«እንስራሽንስ?»

«አምጪልኝ፣ እባክሽ።»

ዳገቱን እየሮጠች ወጣች። ግቢው ስትደርስ ወንድይራድ ላንድሮቨሩ ጀርባ ላይ ዕቃ ይጭናል፤ ያደታ ከግንዱ ላይ ተቀምጦ መጥረቢያ ይስላል። ዲሪቤ መጀመሪያ ወደ አባቷ ነው የሄደችው።

«አባ፣ ልነግራቸው ነው።»

መሳሉን አቆመ። ምኑን ነው ብሎ አልጠየቃትም። «ጋራው ይሄዳል» አለ።

«አውቃለሁ።»

«ጎሬም ይቀራል። እኔ ሌላ የምሰጥሽ የለኝም፣ ዲሪቤ። ይሄን እወቂ።»

«አውቃለሁ፣ አባ።»

ያደታ የመጥረቢያውን ስለት በአውራ ጣቱ ዳበሰ። ሂጂም አላላትም፣ ተይም አላላትም። ዲሪቤ ትንሽ ጠበቀች፤ አንድ ቃል እንዲናገር በጣም ፈልጋ ነበር፤ እንዲከለክላትም ቢሆን። ከዚያ ዞራ ወደ ላንድሮቨሩ ሄደች።

«ጋሼ ወንድይራድ፣ ትናንት የተረጎምኩት ጎዶሎ ነው።»

ወንድይራድ ዕቃውን አስቀመጠ።

«እርስዎ ጨፌ ሣር ነው ወይ ሲሉኝ አዎ አልኩዎት። እኛ ጋ ግን ጨፌ ረግረግ ማለት ነው። ክረምት ላይ ሙሉ በሙሉ ውሃ ነው፤ ላም ትሰምጥበታለች። አሁን የደረቀው በጋው ስለረዘመ ነው። ከሥሩ ያለው ምንጭ ውሃውን የሚያገኘውም ከዚያው ነው። ኦቦ አራርሳ ይሄንን ነበር ያሉት። እኔ ነኝ ያስቀረሁት።» ይህን ሁሉ በአንድ ትንፋሽ ነው የተናገረችው።

አቶ ምንዳዬ ከመኪናው ማዶ ብቅ አለ። «እንዴት ነው ነገሩ? የመንግሥት ሥራ እኮ ነው! ልጅ ተብሎ ቢታለፍም…»

«ቆይ፣ አቶ ምንዳዬ።» ወንድይራድ ቆጣ አላለም፤ ፊቱ ግን ከትናንቱ ሌላ ሆነ። «አውቀሽ ነው ያስቀረሽው?»

«አዎ።»

«ለምን?»

ዲሪቤ ወደ ጋራው በአገጯ አሳየችው። «ያ ቡና የኛ ነው። ዘጠነኛ ክፍል የምገባው በሱ ነው።»

ወንድይራድ ጋራውን አየ፣ ያደታን አየ። ከዚያ ባርኔጣውን አውልቆ ፀጉሩን አከከ። «እንግዲያ ጋራውን አንነካም ብዬ አላጽናናሽም» አለ በመጨረሻ። «ውሸት ይሆናል። ሜዳው እንደምትይው ከሆነ የቀረኝ እሱ ብቻ ነው። በእርግጥ የሚወስኑት አዲስ አበባ ናቸው፤ እኔ የማየውን ነው የምጽፈው። ግን ሄጄ በደንብ ማየት አለብኝ። አሁኑኑ። አባትሽም ቢመጡ ጥሩ ነው።»

ዲሪቤ ወደ አባቷ ዞራ ይህን በኦሮምኛ ነገረችው። ያደታ መጥረቢያውን ግንዱ ላይ ሰክቶ ተነሳ።

አራቱም ጋራውን ወጡ። ቡናው ከዲሪቤ ትከሻ ያልፋል፤ ቅጠሉ ጥቁር አረንጓዴ ሆኖ ያበራል፣ አንዳንዱም ከወዲሁ እምቡጥ ይዟል። ወንድይራድ በተርታው መካከል እየተንበረከከ አፈሩን ጨበጠ፣ አሸ፣ በምራቁ አርሶ አድቦለቦለ። አናቱ ላይ ሲደርሱ ቆመና ላቡን ጠረገ።

«አባትሽን ጠይቂልኝ። እዚህ ጋራ ላይ ውሃ ይወጣል? ክረምትም ቢሆን፣ በየትኛውም በኩል፣ የሚያዣ ቦታ አለ?»

ዲሪቤ ጠየቀችው። ቃል በቃል።

ያደታ አጠገቡ ያለውን የቡና ቅርንጫፍ ይዞ እምቡጡን አየ። አንድ ‹አዎ› ቢል ይበቃው ነበር፤ እዚያ ከቆሙት ውስጥ ዋሸህ ሊለው የሚችለው አንድ ሰው ብቻ ነው፣ እሷም ልጁ ናት። ዲሪቤ ይህን አወቀች፤ እሱም ማወቋን አወቀ።

«አንቺው ንገሪያቸው» አላት። «የምታውቂውን።»

በሁለቱ ሰዎች ፊት ቆማ አባቷን ለረዥም ጊዜ አየችው፤ ዓይኑን አላሸሸባትም።

«ውሃ የለውም» አለች በአማርኛ። ከዚያ ድምጿን ከፍ አድርጋ ደገመችው። «ውሃ የለውም፣ ጋሼ። ችግኙን ስንተክል እንኳ ያጠጣነው ከታች ከምንጩ እየተሸከምን ነው። ተጂቱም ትሸከም ነበር። ሁለት በጋ ሙሉ። ክረምት ላይም የዘነበው ዝናብ በቁልቁለቱ ይወርዳል እንጂ እዚህ አይቆይም።»

ወንድይራድ አላመሰገናትም። እንደ ትልቅ ሰው አንገቱን ዝቅ አደረገላት እንጂ። ከዚያ አካፋውን ከትከሻው አውርዶ የት ልጀምር በሚል ዙሪያውን ቃኘ፤ እግሩ ሥር ካለው ቡና ጎን ሊወጋ ሲል ያደታ እጁን አንስቶ አስቆመው።

በኦሮምኛ ተናገረ፣ ረጋ ብሎ፣ ዲሪቤን ሳይሆን በቀጥታ እንግዳውን እያየ። ሲጨርስ ወንድይራድ ወደ እሷ ዞረ።

«ምን አሉ?»

«እዚህ ከቆፈርክ ሥሩን ትቆርጠዋለህ ይላል» አለች ዲሪቤ። «እዚያ፣ በሁለቱ ተርታ መካከል ሰፋ ያለ ቦታ አለ፤ እዚያ ቆፍር ይላል። አካፋውን አምጣ፣ እኔ እጀምርልሃለሁ ይላል።» ትንሽ ቆማ የቀረውንም ጨመረች። «ይሄ ቡና ገና ፍሬ አልሰጠም፤ እስኪወሰን ድረስ እንዳትረግጡት ብዬ እንድነግራችሁ አዞኛል።»

ወንድይራድ አካፋውን ለያደታ አቀበለው።